የኮት ቁልፍ ያለው ሪሞት

ማክሰኞ፣ ሜይ 9

ቀየሩት! እማዬ ዛሬ ራሳቸው ቻናሉን ቀየሩት። ማንም ሳይነግራቸው፣ ማንም እጃቸውን ሳይዝ… ከሳሙናው ማስታወቂያ ወደ ኬቶፕራኩ፣ ወደ ነገሥታቱ ድራማ፣ ቀጭ አድርገው። እኔ በር ላይ ያልተጠናቀቀ የተማሪ ሱሪ ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ እማዬም ወንበራቸው ላይ ደልደል አሉ።

በሥርዓት ልጀምር። ይህን ደብተር ከገዛሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ባዶውን ነው የተቀመጠው። ሰው ፊት ወሬ የማያልቅብኝ ሴትዮ ወረቀት ፊት ዝም… ዛሬ ግን ለማን ልንገር? ባለቤቴ እንደሆነ በቀን ሁለት ቃል የሚናገር አናጢ ነው። ነገርኩት። «ጥሩ» አለ። አንዷን ቃል ለዚህ ስላወጣልኝ አመሰግነዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዒድ ታላቅ ወንድሜ ማስ ዊዳግዶ ከነቤተሰቡ ከሱራባያ መጣ፣ ለእማዬ ትልቅ ቴሌቪዥን ይዞ። ግድግዳውን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሪሞቱ አርባ ስድስት ቁልፍ አለው፣ ቆጥሬዋለሁ። አሮጌው ቴሌቪዥን አንድ የሚዞር ነገር ብቻ ነበረው፣ እሱም ተሰብሮ በፒንሳ ነበር የምናዞረው። ታዲያ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ማስ «እስቲ እማዬ፣ ይቀይሩት» አላቸው። እማዬ ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙት ተጫኑ። ምንም። ደገሙ። ምንም። ሠለሱ። ማስ ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ እሱን አየችው። እኔ ሁለቱንም አየኋቸው።

በማግስቱ የውኃ ጉድጓዱ ጋ ጠራኝ። «ዲክ ኒንግ» አለኝ፤ ታናሹ ስለሆንኩ እንዲህ ብሎ ሲጠራኝ ከባድ ነገር ሊናገር ነው። «እማዬ መድከም ብቻ አይደለም፣ መዘንጋት ጀምረዋል።» ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ብቻቸውን ማደር የለባቸውም፣ እሱ ቤት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለ… ሜይ 28 መጥቶ ሊወስዳቸው ነው። የእማዬ ቤት ይቆለፋል። ብቻቸውን ማለቱ ነው የገረመኝ። በእኔና በእሳቸው መካከል ያለው አንድ የቀርከሃ ግድግዳ ነው። ጠዋት ሲያስሉ ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው «እንዴት አደሩ» የምላቸው።

እማዬስ ምን አሉ? «እሺ።» የእማዬ እሺ ሦስት ዓይነት ነው፤ እሺ፣ እናያለን፣ እና በመቃብሬ ላይ። ሦስቱም ከአፋቸው ሲወጡ አንድ ናቸው። ማስ የሰማው የመጀመሪያውን ነው።

እኔ ደግሞ እንዲህ አልኩ… በሪሞት መቀየር ስላልቻሉ ከሆነ የሚሄዱት፣ ሪሞቱን በልካቸው እሰፋዋለሁ። ሱሪስ በሰው ልክ ይሰፋ የለ? እማዬ ራሳቸው ከሸመኑት ሉሪክ፣ ከቡናማው ባለ መስመር ቁራጭ፣ ልብስ ሰፋሁለት። ለአራት ቁልፎች ብቻ መስኮት ተውኩ። አርባ ሁለቱ ከጨርቅ ሥር ይተኙ። መጀመሪያ እንቢ ብሎኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ባትሪ ሳገላብጥ ቆይቼ ለካ ግንባሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት፣ ዓይኑን፣ አብሬ ሰፍቼበታለሁ። ዓይኑን ሰፍተሽ እይ ትይዋለሽ፣ አንቺ ሴትዮ?

ፈታሁት። ሠራ። እማዬም ቀየሩ። ዛሬ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 10

አልሠራም።

ጠዋት ስገባ እማዬ ሪሞቱን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ይጫናሉ። ቴሌቪዥኑ ንቅንቅ የለም። ተቀብዬ ስጫነው ወዲያው ተቀየረ። ወደ ነበረበት ቻናል መልሼ ሰጠኋቸው… ምንም። ትናንት ሠርቶላቸው አልነበረም?

«ደክሞት ነው፣ ይረፍ» አሉ። ሪሞቱን ማለታቸው ነው።

ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልመጣም። ማስ ልክ ቢሆንስ? አንድ ቀን ያስታውሱታል፣ አንድ ቀን ይጠፋባቸዋል… እንዲህ አይደል የሚጀምረው? ይህን መጻፌ ራሱ አስፈራኝ። ግን ለራሴ ካልጻፍኩ ለማን ልጽፍ።

ዓርብ፣ ሜይ 12

ወሰንኩ። ቁልፎቹ አንሰዋቸው ነው። አርባ ዓመት መሸመኛ ላይ የዋለ አውራ ጣት የእኔን ሁለት ጣት ያህላል። እማዬ የሚጫኑት በአውራ ጣት ነው፤ አንዱን ሲሉ ሦስቱን ይረግጣሉ።

የብስኩት ቆርቆሮዬን ዘርግፌ ቁልፍ መረጥኩ። ቀዩ ለማብራትና ለማጥፋት። ጥቁሩ ትልቁ ወደሚቀጥለው ቻናል፤ እሱ ከሙሽራ ኮት የተረፈ ነው፣ ሙሽራው በልኬትና በሠርግ መካከል ስለወፈረብኝ ሌላ ቁልፍ ለውጬ የቀረ። ነጩ ወደ ኋላ። ሰማያዊው ለድምፅ። ሁሉንም በማጣበቂያ ለጠፍኳቸው። አማረ! እማዬ በመዳፋቸው ዳስሰው «ሙሽራውስ ደህና ነው?» አሉኝ። ሙሽራውን እንኳ ያስታውሳሉ። የዘነጋ ሰው እንዲህ ነው?

ቅዳሜ፣ ሜይ 13

ማጣበቂያው ወደ ውስጥ ሰርጎ የድምፁ ቁልፍ ተጣብቆ ቀረ። ሰፈሩ በሙሉ ኬቶፕራክ ሰማ። ከመስጊዱ ሰው ልከው «ንጉሡ ዳነ ወይስ ሞተ?» አስጠየቁኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 16

ገበያ ወጣሁ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ፓክ ሙርሲድ ጋ። ጥርሳቸው ሁለት፣ ቀልዳቸው ሁለት መቶ። ሪሞቱን ከነልብሱ ፊታቸው አስቀመጥኩት። አገላብጠው አገላብጠው፣ ይሄ ለኔ ነው ወይስ ለልብስ አጣቢ አሉ። ከዚያ ማጣበቂያውን በምላጭ እየፋቁ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጡኝ። እኔ ኤሌክትሪክ እነካለሁ እንጂ መርፌ አልነካም፣ አንቺ መርፌሽን ትተሽ ማጣበቂያ ምን አስነካሽ? እያሉ።

እውነታቸውን ነው። ቁልፉን መለጠፍ ሳይሆን በሚለጠጥ ጨርቅ ላይ፣ ኮት ላይ እንደሚደረገው በክር እግር ሠርቶለት መስፋት። ሲጫኑት ሪሞቱን ይነካል፣ ሲለቁት ይነሳል። ከዚያች ትንሽ ሱቅ ሳልወጣ ሰፋሁት። የድምፁን ጉዳይ ግን ለዘላለም ከጨርቅ ሥር ቀበርኩት፤ ድምፅ እኔ አስተካክላለሁ።

ከዚያ የሪሞቱን ዓይን በስልካቸው ካሜራ አሳዩኝ። በባዶ ዓይን የማይታየው፣ በካሜራው ውስጥ ሐምራዊ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። «ሪሞቱ ጤነኛ ነው» አሉ። «ችግሩ ከሪሞቱ ወዲህ ነው።»

ከተናገሩት በኋላ እማዬን እንደሚያውቋቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ ቀና ብለው አላዩኝም። ተናጋሪዋ ኒንግ… ሰላም ሳልላቸው ወጣሁ። ቴምፔ፣ የአኩሪ አተሩን ምግብ፣ መግዛት ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ሜይ 17

ማስ ደወለ። ክፍሉን ቀለም አስቀብቶታል፣ ብሩህ ሰማያዊ። ከመስኮቱ ባሕሩ በሩቁ ይታያል አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፉ ቢሆን በቀለለኝ። እማዬስ አለኝ። ሪሞቱን ተለማመዱት፣ ጎበዝ ሆነዋል አልኩ። ዋሸሁ። ጠዋት አልሠራላቸውም ነበር።

እማዬ ዛሬ ከዶሮዎቻቸው አንዷን፣ ያቺን ግራጫዋን፣ ለጎረቤት ሰጡ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ስንት ዶሮ ነው የቀረው? አራት።

ዓርብ፣ ሜይ 19

አገኘሁት። አገኘሁት፣ አገኘሁት።

ዛሬ ሥራዬን ይዤ እማዬ ቤት ዋልኩ፤ ጫፋቸው የሚታጠፍ አሥራ ሁለት ቀሚሶች። ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሳቸውን ነው የማየው ብዬ። ጠዋት ኪያዩ ያስተምራሉ፣ እኚያ ነጭ ጢም ያላቸው የሃይማኖት አባት። እማዬ ይወዷቸዋል። ግን ዛሬ በሌላው ቻናል ባድሚንተን አለ፣ ለባድሚንተን ደግሞ እማዬ ሩዛቸውን እሳት ላይ ይረሳሉ። ሪሞቱን አነሱ። በቀኝ እጃቸው ያዙ። ግራ እጃቸውን ከቀኝ ክርናቸው ሥር ደገፍ አደረጉ፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚያቀብሉት። ትንሽ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሪሞቱን ወደ መሬት ዘቅዝቀው የኮቱን ቁልፍ ተጫኑ።

ወደ መሬት። ወደ ምንጣፉ።

«እማዬ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ያድርጉት እንጂ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ማን እንዳሳደገኝ የጠፋቸው ይመስል።

«ኪያዩ እየተናገሩ? እሳቸው ላይ ልቀስርባቸው?»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ጣቴን እየመጠጥኩ ቁጭ አልኩ። እማዬም ቁጭ አሉ፣ በትዕግሥት። ኪያዩ ጨረሱ፣ አሰናበቱ፣ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ መጣ። እማዬ ሪሞቱን ቀና አድርገው የጥርስ ሳሙናው ላይ ቀሰሩና፣ ቀጭ። ባድሚንተን።

ያን ቀን ማክሰኞም ማስታወቂያ ላይ ነበር… ሳሙና ላይ መቀሰር ምን ነውር አለው! በዒድ ቀንስ? በዒድ ቀን ኪያዩ የበዓሉን ቃል እያሰሙ ነበር። ጠዋት የማይሠራው፣ ማታ የሚሠራው… ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝና ሳቄ መጣ፣ ሳልጨርሰው ዕንባዬ መጣ። እማዬ ዞር ብለው «ማን ነጥብ አስቆጠረ?» አሉኝ።

አርባ ስድስት ቁልፍ ስቀንስ፣ ስሰፋ፣ ስለጥፍ… ለካ እማዬ አንዱንም ዘንግተው አያውቁም። ያልዘነጉት ነገር በዝቶባቸው ነው እንጂ። ልጅ ሆነን በመንገድ የሚያልፍ ሰው ላይ ጣት ስንቀስር ጣታችንን ጨብጠው አጥፈው አውራ ጣታችንን ያወጡልን ነበር። «በዚህ» እያሉ። እኔ ልጆቼን እንዲሁ አሳድጌ፣ እንዴት አላየሁትም?

ቅዳሜ፣ ሜይ 20

በሥዕል ነው ያሉት እማዬ፣ አያዩዎትም፣ ቢቀስሩ ግድ የለም አልኳቸው። «እሺ» አሉ። ሦስተኛው ዓይነት።

ለማስ ልደውልለት? «ኪያዩን አክብረው ነው» ብዬ ብነግረው ይስቃል፤ ይባስ ብሎ አእምሯቸው ነው ይላል። አይ። ዓይኑ ይየው።

ሰኞ፣ ሜይ 22

ሱሪ እያሳጠርኩ እግሬ የስፌት ማሽኔን መርገጫ ይረግጣል… ቆም አልኩ። እማዬ አርባ ዓመት ሙሉ መሸመኛቸው ላይ ማንም ላይ ሳይቀስሩ በመርገጫ ክሩን ሲያስነሱና ሲያስተኙ ኖሩ። ታዲያ ሪሞቱ ለምን በእጅ ይያዛል?

የተፈታው መሸመኛ ከጓሮ ዛኒጋባው ሥር ነው ያለው። አንዱን መርገጫ አወጣሁ። ጠንካራ የቲክ እንጨት፣ መካከሉ በእማዬ ተረከዝ ተሸርሽሮ ጎድጎድ ያለ። ለባለቤቴ አሳየሁት፤ ሪሞቱ እዚህ ውስጥ ይቀመጥ፣ እንጨቱ ከወንበራቸው አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ በብሎን ይታሰር፣ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ቴሌቪዥኑ ይይ፣ እሳቸው ከላይ በአውራ ጣት ብቻ ይጫኑ። ብዙ አወራሁ። እሱ ሪሞቱን በመዳፉ ለካ፣ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ «ይሠራል» አለ። ሁለት ቀን ይፈጅበታል ብዬ ነበር፤ ከሰዓት ጨርሶ አሸዋ ወረቀት እያሻሸው አገኘሁት። ማን ያውቃል፣ እሱም ለካ አልፈለገም ነበር እማዬ እንዲሄዱ።

ሐሙስ፣ ሜይ 25

ሦስት ቀን ሙሉ ፈርቼ ቆየሁ። እንጨቱም መቀሰር ነው ቢሉስ?

ዛሬ ጠዋት ኪያዩ ሲጀምሩ ገባሁ። እማዬ እንጨቱን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሲያዩት ነበር። መርገጫቸውን ዳሰሱት፣ ተረከዛቸው የሸረሸረውን ቦታ። ከዚያ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ አጎንብሰው ጉንጫቸውን ከእንጨቱ አስጠግተው ተመለከቱ። ቀጥ ብሎ ወደ ኪያዩ ነው የሚያየው።

«እሱ ይቀስር» አሉ። «እንጨት ነው፣ ነውር አያውቅም።»

ኪያዩን በአንገታቸው እጅ ነስተው፣ ይቅርታ ጠየቁ መሰለኝ፣ የኮቱን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ባድሚንተን። መለሱ። ኪያዩ። እንደገና። ሰባት ጊዜ ሄደው ሰባት ጊዜ መጡ። ኪያዩ መቼም እንደዛሬ ተመላልሰው አያውቁም።

እኔ? እኔማ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬ ድምፄ ዘግቷል።

እሑድ፣ ሜይ 28

ማስ ከሚስቱ ጋር ጠዋት ደረሰ። እማዬ ልብሳቸውን ትናንት በካርቶን አስቀምጠዋል፣ ማስ በስልክ ስላዘዘ። ከቦርሳው አዲስ ጓጉንቸር ከነላስቲኩ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከእንጨቱ አጠገብ አስቀመጠው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ እንጨቱን።

እማዬ ተቀመጡ። ቀዩን ተጫኑ፣ በራ። ጥቁሩን ተጫኑ፣ ሄደ። ነጩን ተጫኑ፣ ተመለሰ። እኔ ማስን አያለሁ። ፊቱ አልተፈታም። ወደ ጓዳ ጠርቶኝ አስለምደሻቸዋል አለኝ፣ በርኅራኄ ነው ያለኝ፣ ያ ነው የከፋው። ማስለመድ ሌላ፣ ማስታወስ ሌላ ነው ዲክ… ስንት ቀን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ንግግሬን ትቼ ከጓዳ አስወጣሁት።

ተመልሰን ስንገባ ኪያዩ መጥተዋል፣ የጠዋቱ ተደግሞ። ማስ ሌባ ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ እኚህ ሰውዬ አሁንም አሉ እንዴ ሊል አፉን ሲከፍት፣ እማዬ ሳያዩት እጁን መታ አደረጉት።

«ጣትህን።»

ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ባንክ ውስጥ ሠላሳ ሰው ያዛል። ጣቱን ሰበሰበ፣ አጠፈ፣ አውራ ጣቱን አወጣ፣ ልክ እንደተማርነው። ከዚያ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። እጁን ያየዋል። ሲገባው አየሁት፣ እንደ ውኃ ቀስ ብሎ ሲገባው።

«በዒድ ቀን ቴሌቪዥኑ ላይ ማን ነበር?» አለኝ።

«ኪያዩ።»

እማዬ ከማያ ገጹ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «አያዩኝም፣ አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ግን አያቸዋለሁ።»

ማስ ወጥቶ የውኃ ጉድጓዱ ጋ ሄደ። ፊቱን ታጠበ፣ ብዙ ታጠበ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ምሳ ቀረበ፣ ከአምስቱ የቴምፔ ቁራጭ አራቱን በላ። ሚስቱ የእማዬን ካርቶን ፈትታ ልብሶቹን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች። ማንም አላዘዛትም።

ሊሄዱ ሲሉ ማስ የእማዬን እጅ ስሞ፣ ክፍሉ አለ እማዬ፣ ለእንግድነት ሲያሰኝዎት ይምጡ፣ ባሕሩን ያያሉ አለ። «እሺ» አሉ። የትኛው እሺ እንደሆነ እኔም ማስም ገባን፤ ተያይተን ሳቅን። የመጀመሪያው ነበር፣ እውነተኛው።

ጓጉንቸሩን ረስቶት ሄደ። ወይም አልረሳውም።

ሰኞ፣ ሜይ 29

ጓጉንቸሩ ዛሬ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ግራጫዋም ተመልሳለች፤ እማዬ ራሳቸው ሄደው «አደራ ነበር ያስቀመጥኩት» ብለው አመጧት። ጎረቤቴ እስካሁን ግራ እንደገባት ነው። ቁልፉን እማዬ ኪሳቸው ውስጥ ከተው ይዘውታል።

ጠዋት በቀርከሃው ግድግዳ ሳል ሰማሁ። «እንዴት አደሩ» አልኩ። «ቴሌቪዥን እያየሁ ነው፣ አትረብሺኝ» አሉኝ።

ማስ ከሱራባያ ደውሎ ለሚስቱ እናት አንድ እንጨት አስቀርጪልኝ አለኝ፣ እሳቸውም ሪሞቱን ወደ ጣሪያው ነው የሚያደርጉት፤ እኛ እኮ ዓይናቸው ደክሞ ነው ስንል ነበር አለ። የመሸመኛው ሁለተኛ መርገጫ አለ፣ ባለቤቴ ጀምሮታል። ከዚያ ማስ የእማዬ ወቶን መቼ ነው አለኝ። በየሠላሳ አምስት ቀኑ የምትመለሰውን የትውልድ ቀናቸውን! ከቤት ከወጣ ጀምሮ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ማስላት አላስፈለገኝም፣ አፌ ላይ ነበር።

ስለዚህ ቀይና ነጭ የሩዝ ገንፎ እሠራለሁ። እማዬ የግራጫዋን ዕንቁላል ሰጥተዋል። ማስ ከነቤተሰቡ ይመጣል፣ ለመውሰድ ሳይሆን ለመብላት። ቀሚስ ያሳጠርኩላቸው ጎረቤቶቼ ሁሉ ይምጡ፣ የመስጊዱም ሰዎች ይምጡ፣ ንጉሡ እንዳልሞተ ይዩ። ፓክ ሙርሲድ በተለይ ይምጡ፤ ሰላም ሳልላቸው ወጥቻለሁ፣ ከሪሞቱ ወዲህ ያለውንም ቁጭ ብለው ይዩ። ማንም እንዳይቀር። እሑድ ሌጊ፣ በእማዬ ወቶን፣ ጁን 4፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እማዬ ቤት።